ዳክዬዎቹ የጦሙበት ሁዳዴ

ጥር 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ትናንት ሕዝቡ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ ዳክዬዎቹም ተከትለው ወረዱ። የለቀቃቸው ውዱ ነው፣ ማለት እኔ ነኝ፣ እየተባለ ነው። እኔ በሩን ዘግቸ ነበር። ማለቴ፣ ገፋ አድርጌው ነበር። ቄስ አዝመራው ውኃውን ባርከው መስቀላቸውን ገና ሳያነሡ ወንዱ ዳክዬ ተንደርድሮ ገባ። ሴቷ ተከተለች፤ አራቱ ጫጩቶች በሰልፍ ከኋላ። እልል ሊል የተከፈተው አፍ ሁሉ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቄስ አዝመራውና እናቴ።

እናቴን ካሳነሽን ስትስቅ አይቻለሁ የሚል ሰው በአገራችን በቆሰበር ካለ ይምጣና ይመስክር። ጆሮየን ይዛ እስከ ቤት ጎተተችኝ።

"የወንድምህን አደራ የሕዝብ መሣቂያ ታደርገው!"

አደራው እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አየነው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው። አምና ወደ ኮንጎ ሊዘምት ሲል ለስንብት መጣና በቅርጫት ሁለት ዳክዬ ይዞ ገባ። ድሮ ግቢውን ይጠብቅለት የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሰጠው ነው። "እማየ፣ አይታረዱም፣ አይበሉም፤ እንዲሁ ማየት ነው። እስክመለስ አደራ" አላት። እናቴ መጀመሪያ ተጸየፈቻቸው። እግሩ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ወፍ በዘር ማንዘሯ አልታየ። በአገውኛ እንኳ ስም አጣችላቸው። እሱ ከሄደ ወዲህ ግን በእጇ ነው የምታበላቸው። ጠዋት ስትነሣ ውዳሴዋን ሳትደግም የምታየው እነሱን ነው። "እነሱ ደህና ካደሩ እሱም ደህና አድሯል" ትላለች።

ወንዱን ቀኛዝማች ብየዋለሁ፤ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሴቷ ወይዘሮ ሰፌድ ናት። ገና የተፈለፈሉት አራቱ ወታደሮች ናቸው።

ማታ እናቴን ላባብል ብየ፣ "እማየ፣ ምን ያስቆጣሻል? ክርስትና ተነሡ እኮ። ከእንግዲህ አረመኔ አይደሉም" አልኋት።

"ዝም በል፣ አንተ ቀላማጅ" አለችኝ። ግን ዞር ብላ አየቻቸው፤ ሰው እንደምታይ።

ጥር 24

ትናንት የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኛው ሁሉ ሜዳው ላይ ሲጋልብ፣ ቀኛዝማችን በቄስ አዝመራው በቅሎ ኮርቻ ላይ አስቀምጨ በመቀነት አሰርኩት። በቅሎዋ ደነበረች፤ ቀኛዝማች ክንፉን ዘርግቶ እንደ አዝማች አገር ዞረ። ቄሱ ሊገዝቱኝ ምንም አልቀራቸው። ጎረቤታችን እትየ እታለማሁ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች።

"ውዱ፣ አንተ ወይ ትሾማለህ ወይ ትሰቀላለህ!"

ከዳንግላ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኝም ይኸው ጠባየ ነው። መምህሩ "ነገ የምርህን ብትናገር እንኳ የሚያምንህ የለም" ብለውኝ ነበር። ይኸ ደብተር ያኔ የተረፈ ነው። ግማሹ ማባዛት፣ ግማሹ ባዶ።

የካቲት 13

የነነዌ ጦም ሁለተኛ ቀን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የነነዌን ነገር አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። ንጉሡ ሰውም እንስሳም፣ ላምም በግም ምንም እንዳይቀምስ ያወጀበት ላይ ስደርስ ሰይጣን ምላሴ ላይ ጉብ አለ።

"አየሽ እማየ፣ እንስሳም ይጦማል። የእኛዎቹ ደግሞ የተጠመቁ ናቸው። በሁዳዴ ትል ቢበሉ ዕዳው በማን ነው?"

ፊቴን እንደ መሪጌታ አኮሳትሬ ነው ያልኩት።

ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች አንድም ተቀይማለች፣ አንድም አምናለች። ሳቄን ውጭ ወጥቸ ሳቅሁት።

የካቲት 25

ቅበላ ዛሬ አለቀ። እናቴ ቤቱን አጥባ፣ ቅቤ የነካውን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈትጋ ሰቀለች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ተሳለች። ጮክ ብላ ነው፤ እኔም እንድሰማ።

"ሰውም እንስሳም ከዚህ ቤት ያለ ነፍስ ሁሉ ሁዳዴን ይጦምልሃል። አንድ ሳይገድፍ ለፋሲካ ካደረስኸን ልጄን በደህና ቤቱ ትመልስልኛለህ። ነነዌን የማርህ አምላክ፣ አየነውን ማርልኝ።"

ላሚቱ መቸም ሣር ነው የምትበላ፤ እሷ ከተፈጠረች ጦም ላይ ናት። ድመቲቱ ነገሩን ስትሰማ ሃይማኖቷን ለውጣ እትየ እታለማሁ ቤት ገባች። የቀሩት ዳክዬዎቹ ናቸው።

"እማየ፣ የነነዌውን እኮ ለቀልድ ነው ያልኩት።"

"ያነበብኸው ተጽፎ የለም?"

"ተጽፏል።"

"እንግዲያ ምኑ ነው ቀልዱ?"

በቀልዴ ራሴ ተያዝኩ። እኔ!

መጋቢት 3

የዳክዬዎቹ ምግብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተቀቀለ በቆሎ ብቻ። ወንዝ መውረድ ተከልክሏል፤ ወንዝ ዳር ትል አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ፣ ፌንጣ አለ። ፈተና። ሌላ ውኃ በገበቴ ቀርቦላቸዋል። ቀኛዝማች ገበቴው ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ታቦት የተነፈገ ደብር ይመስላል።

አየነው ሲሄድ ለእኔ ለብቻየ የነገረኝ ነገር አለ። ፈረንጁ ነው ያለው አለኝ፦ እህል ብቻ የበላ ዳክዬ እግሩ ይከዳዋል፤ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ለምለሙን ሁሉ ካላገኘ ሥጋው አይጸናም። ይልቁንም ልጅ እግሩ። እኔ ያን ጊዜ "ፈረንጅ ለዳክዬ እንኳ ሐኪም ያዝለታል" ብየ ስቄበት ነበር።

መጋቢት 9

ትንሹ ወታደር ያነክሳል። እሾህ መስሎኝ እግሩን ገልብጨ አየሁ፤ የለም። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል።

"እማየ፣ እግራቸው እየከዳቸው ነው። ትል ስላጡ ነው። አየነው ራሱ ነግሮኛል።"

"አሁን ደግሞ በወንድምህ ስም ትቀልዳለህ?"

"በማርያም!"

"የማርያምን ስም በከንቱ አትጥራ። ባለፈው ላሚቱ መንታ ወለደች ብለህ በእኩለ ቀን ከቤተ ክርስቲያን አስሮጥኸኝ። በማርያም ብለህ ነበር።"

ብያለሁ።

መጋቢት 10

ቄስ አዝመራው ዘንድ ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው መቋሚያቸውን ይቀባሉ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ዛሬስ ማንን በበቅሎየ ላይ ልትጭን መጣህ?"

"የምሬን ነው አባ። እንስሳ ጦም የለበትም ብለው ለእናቴ ይንገሩልኝ።"

"ነገርኋት እኮ! 'የነነዌዎቹስ?' አለችኝ። ይኸን ማን አስተማረሽ ብላት፣ 'ውዱ አነበበልኝ' አለች።" መቋሚያውን አስቀመጡ። "እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ስሰብካት ያልገባት፣ አንተ በአንድ ምሽት አስገባኸው። የኔን ወንበር ውሰዳ!"

"ስለቱን ይፍቱላት።"

ያን ጊዜ ሳቃቸው ጠፋ። "ልጄ፣ የተሳለችው በልጇ ነፍስ ነው። እኔ ብፈታውና ልጁ ባይመለስ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይዠ እቤቷ እገባለሁ?"

አየነው ምን ይሆናል? እሱ እኮ ጅብ እንኳ የሚፈራው ነው። ሁሉም እንደ ሽማግሌ ድምፁን የሚቀንሰው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

መጋቢት 14

ዛሬ ማለዳ እናቴ ኪዳን ስትሄድ ጓሮውን በዶማ ቆፈርኩ። ትል በቅል ሙሉ። ወታደሮቹ እንደ ጉድ በሉ፤ ትንሹ በሆዱ እየተሳበ መጣ። ቀኛዝማች የመጨረሻውን ትል አፉ ላይ እንዳንጠለጠለ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

ዱላ ጠበቅሁ። ዱላ በስንት ጣዕሙ።

"ገደፉ" አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች። በዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳቀርብላት፣ "የእነሱን እኔ እከፍላለሁ" ብላ ገፋችው። ማታም አልቀመሰችም። ነገም አልቀምስም ብላለች።

እንግዲህ ገባኝ። ትል በሰጠኋቸው ቁጥር የምሰጣቸው የእናቴን ራት ነው።

ዶማውን ሰቀልኩ።

መጋቢት 19

ዛሬ ግን ስቄ ሞትኩ። ቀኛዝማችና ወይዘሮ ሰፌድ አጥር ጥሰው እትየ እታለማሁ ግቢ ገብተው የጠላ አተላዋን ጨርሰውታል። ስደርስ ቀኛዝማች ከእንስራ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ ይሟገታል፤ ወይዘሮዋ ወደ ኋላዋ ትሄዳለች። አንድ ጠጭ ወንበሩን ለቆለት፣ "ይቀመጡ ጌታየ!" ይላል።

"እኒህ ያንተ ክርስቲያኖች" አለች እትየ፣ "እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጦሙት?"

"እስከ ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ አልፏል። በሕግ ነው የሰከሩት።"

የተረፈውን አተላ በቅል ይዠ ለወታደሮቹ አቀመስኳቸው።

መጋቢት 22

ተነሥተዋል! ትንሹም ቆሟል! እንደ ሽማግሌ ቢንቀጠቀጥም ቆሟል።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ምን አለው አተላው? አላውቅም፤ እህሉ ከተብላላ በኋላ የሚያገኘው አንድ ነገር አለ። ደግሞም ጦም ነው፤ ከገብስና ከጌሾ በቀር ሥጋ የለበት። እንግዲያ ገድፈው ሳይሆን ጦመው የሚቆሙበት ምግብ አለ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቸ እንዲህ አደረግሁ። በቆሎውን ትቸ ገብስ ከካሁ። አተር ቀቅየ አደቀቅሁ፤ ወዲያው እንዳያንቃቸው ውኃ አበዛሁለት። ጎመን ከጓሮ፤ ሳማ ደግሞ ፍል ውኃ አሳይቸ መለብለቡ ሲበርድ ከታተፍኩ፤ ስለቅመው የነካው እጄ እስካሁን ይለበልበኛል። ትንሽ የተወቀጠ ተልባ። ከወንዝ አሸዋ አመጣሁ፤ ጥርስ የሌለው ፍጡር በጠጠር ነው የሚፈጭ። አተላው ጨመቅ ተደርጎ፣ መጠጡ ወጥቶ፣ ዝቃጩ ብቻ። በዘጠኝ ሰዓት ከእናቴ ፊት ለወስኩት። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው።

"ቅቤ የለበትም?"

"እማየ፣ ከእኔ ጋር ሆነሽ ስለውስ አይተሽ የለም ወይ?"

"ካንተ ጋር ስለሆነ ነው የምጠይቅ።"

ግን ገበቴውን ራሷ አቀረበችላቸው። ሲበሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትንሹን በጣቷ ደግፋ አበላችው። "ብላ አንተ ወታደር" አለችው። እኔ ያወጣሁትን ስም ስትጠራ ዛሬ ሰማኋት።

መጋቢት 25

እትየ ጓሮ አተላ ልቀዳ ሄጀ ሳለሁ ከውስጥ ሁለት ነጋዴዎች ያወራሉ። ዳንግላ ከኮንጎ የተመለሰ ቁስለኛ አይተዋል።

"ተከበው ነበር አለ። ከነሱ ሻምበል የተረፈው ጥቂት ነው።"

"የካሳነሽ ልጅ የነበረበት አይደል?"

"ዝም በል፣ ልጁ ከውጭ ነው።" የእትየ ድምፅ።

ቅሉን ሞልቸ ወጣሁ። ነጋዴ መቸም ወሬ ካልጨመረ ጨው አይሸጥለትም። ደግሞ ቁስለኛ ምን ያውቃል፤ ትኩሳት ያስለፈልፈዋል። ጥቂት ተረፈ ማለት የተረፈ አለ ማለት ነው። ለእናቴ አልነገርኋትም። ለምን እነግራታለሁ? ቤት ስገባ እንዲያውም ስለ ሰከረው ቀኛዝማች አዲስ ቀልድ ፈጥሬ ገባሁ።

እናቴ ከገበያ ተመልሳ ጨው እንኳ ሳታስቀምጥ ቆማለች። ቅሉን ከእጄ ወሰደችና አተላውን ደጅ ደፋችው።

"ከዛሬ ጀምሮ መጠጥ የነካው ነገር ከዚህ ቤት አይገባም። ለሰውም ለእንስሳም። ጦማችን ላልቶ ነው።"

"በቀደም ቀምሰሽ ራስሽ አቀረብሽላቸው አይደል?"

"ላልቶ ነው አልኩህ!" የቀረውን በአገውኛ ጨረሰችው። በአገውኛ ስትቆጣ መልስ የለውም።

ምን ነካት? ገበያ የጨው ዋጋ ተወዶ ይሆናል።

መጋቢት 27

ትንሹ ተመልሶ ተኛ። ሌላው ደግሞ ጀመረው።

አሰብኩ። ከጦም እህል ሁሉ እንደ ሥጋ ሆድ የሚይዘው ግብጦ ነው። ግብጦ ግን መራራ ነው፤ ተቆልቶ፣ በጆንያ ታስሮ የሚፈስ ወንዝ ውስጥ ምሬቱ እስኪለቅ መሰንበት አለበት። እኔ ራሴ ስንቱን ሰው ያልታጠበ ግብጦ አጉርሸ ፊቱ ሲጨማደድ ስቄያለሁ። ቆልቸ፣ አስሬ፣ ከድንጋይ ሥር አስገባሁት።

መጋቢት 30

ሦስቱ አይቆሙም። ወይዘሮ ሰፌድ ዙሪያቸውን ትዞራለች፤ በአፏ ትገፋቸዋለች። ግብጦው ገና መራራ።

ሚያዝያ 2

አራቱም ተኙ። ግብጦውን አወጣሁት። ቀመስኩት፤ መረር ይላል፤ ያን ያህል ግን አይደለም። አይመስለኝም። በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ አደቀቅሁት፣ ከአተሩ ጋር ለወስኩት።

አልበላ አሉኝ። ቀኛዝማች ቀምሶ ራሱን አራገፈ፤ ወይዘሮዋ ጭራሽ አልጠጋ አለች። ጥጋብ ነው፣ አተላ ለምደው ነው ብየ ተናደድኩ። ወታደሮቹን አንድ በአንድ ጭኔ ላይ አድርጌ አፋቸውን ፈልቅቄ አጎረስኳቸው። ቀኛዝማችንም። ወይዘሮ ሰፌድን መያዝ አቃተኝ፤ ነክሳኝ አመለጠች።

ሚያዝያ 3

ሌሊት መንቀጥቀጥ ያዛቸው። አንገታቸው ወደ ኋላ ይዞራል። ውኃ አጠጣሁ፤ ተልባ አጠጣሁ። ሲነጋ አራቱም ነፍስ የላቸውም።

እናቴ ገብታ አየች። በትንሿ ሰፌድ ላይ ደረደረቻቸው።

"ምን አበላሃቸው?"

"ግብጦ።"

"ታጥቦ ነበር?"

"ታጥቦ ነበር።" ከዚያ "አልታጠበም" አልኋት። "ቸኮልኩ እማየ።"

ስድብ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ! "ግብጦ ጦም ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሳይገድፉ ነው የሞቱት።" ለራሷ የምትናገር ነው የሚመስለው። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ወታደሮች ነበር ያልሃቸው፣ አይደል?" አለች።

ምነው ሌላ ስም ባወጣሁ። ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ድስት፣ ምን ይጠፋል!

ሚያዝያ 8

ቀኛዝማችም ሄደ። ከዚያ ግብጦ ወዲህ አንገቱ አልቀናም ነበር። እትየ እታለማሁ አጥር ላይ ቆማ አየችኝ። ቀልድ ትወረውራለች ብየ ጠብቄ ነበር።

"አይዞህ፣ ወንድምዓለም" አለችኝ። አባቴ የሞተ ዕለት ነው እንዲህ ያለችኝ።

ለዳክዬ አይዞህ ይባላል እንዴ?

ሚያዝያ 14

ሆሳዕና። እናቴ ዘንባባዋን ቀለበት አድርጋ በወይዘሮ ሰፌድ እግር ላይ አጠለቀችላት። ያን እያየሁ አልሳቅሁም፤ እያረጀሁ ነው መሰል።

ዳክዬዋን ወደ ቤት አግብታ ከመደቧ ሥር ታስተኛታለች። ከራሷ ድርሻ ታካፍላታለች፤ ማካፈል ሲባል፣ ሁሉንም ትሰጣታለች። የእናቴ አንባር ከክንዷ ወልቆ ሁለት ጊዜ ወደቀ። እኔ ግብጦውን እንደገና በወጉ አጥቤዋለሁ፤ አሁን ጣፋጭ ነው፣ እኔ ራሴ በላሁት። ወይዘሮዋ ግን ከእጄ ምንም አትቀበልም። እኔን ስታይ አንገቷን ታዞራለች። እውነቷን ነው።

እግሯ መክዳት ጀምሯል።

ሚያዝያ 17

ሰሙነ ሕማማት። ሰው ሰውን አይስምም፣ ሰላምታ የለም። እኛ ቤት ከዚያ በፊትም አልነበረም።

ዛሬ ቆርጨ ተነሣሁ። ዶማውን አውርጀ ወንዝ ወረድኩ፤ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ሌላም የሚንቀሳቀስ ሁሉ። ተደብቄ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ። ቅሉን ይዠ ገባሁና እናቴ ፊት አስቀመጥኩት።

"እማየ፣ ዕዳው በእኔ ይሁን። ስለቱን ያፈረስኩ እኔ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ውሸት ከአፌ አይወጣም፤ ይኸን ብቻ እመኝኝ። ካልበላች ትሞታለች።"

ቅሉ ውስጥ አየች። ትሎቹ ይላወሳሉ። በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ቀን! መቁጠሪያዋን ጨብጣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"እኔ አላየሁም" አለች።

እናቴን ግድግዳ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆማ ትቻት፣ ወይዘሮ ሰፌድ አጠገብ ተንበረከኩ። ትል በእጄ፣ ትል በእንጨት፣ ትል በውኃ። አፏን ነካ አደረገችው። ተወችው። ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ተመልሳ ከፈተችው።

"በላች?" አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

"ትንሽ" አልኋት።

እንግዲህ ቃሌ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየ።

ሚያዝያ 19

ስቅለት። ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት። እናቴ ስትሰግድ መነሣት አቅቷት ሁለት ሴቶች ደገፏት። ሰግዳ ስትነሣ የምትለውን ከወንዶች በኩል ሆኘ ሰማሁ፦ የሁለታችንንም ስም ነው የምትጠራ። መጀመሪያ የእሱን፣ ቀጥላ የእኔን። ማታ ላይ የእኔ ብቻ ሆነ። ድምፅ አንሷት ይሆናል።

ሚያዝያ 21

ፋሲካ ሆነ።

ቅዳሴ ወጥተን ሌሊቱን ስንመጣ እናቴ ቀደም ብላ ሄዳለች። እኔ ከጎረምሶች ጋር ቀረሁ፤ ችቦ ነበር፣ ጭፈራ ነበር። ንጋት ላይ ቤት ስገባ መደቧ ሥር ያለው ገለባ ተጠርጓል። ዶማው ደጅ ቆሟል፤ አፈር ይዟል። እኔ ከነአፈሩ ትቸው ይሆናል። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ታጠባለች፤ ጥፍሯን በእንጨት ትጠርጋለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራለች።

"እንኳን አደረሰሽ እማየ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን።" እንቁላልና አይብ አቀረበችልኝ፤ አልጫውንም። እሷ በጣቷ ነካ አድርጋ ተወችው። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ "ዳክዬዋ በረረች" አለች።

"ምን?"

"በራ ሄደች። በሩን ስከፍት። ወደ ዘንገና ነው የሄደችው፣ ወደ ሐይቁ። እዚያ የዱር ዳክዬዎች አሉ አይደል? ዘመዶቿ።"

እናቴ ውሸት አታውቅበትም። ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት፤ ሞሰቡን አየች፣ በሩን አየች፣ እጇን አየች። ምድጃው ላይ እንጨት ልትጨምር ጎንበስ ስትል ሻሿ ተንሸራተተ። ጸጉሯ የለም። እንደ ሐዘንተኛ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ ከጆሮዋ በላይ ምላጭ የነካው ቦታ ደም አርግቷል። ቶሎ ብላ መለሰችው። ለምን እንደተላጨች አልጠየቅኋት። ከኮንጎ እኮ የመጣ ወሬ የለም፤ ማንም ምንም አላለንም።

ሞሰቡን በሁለት እጄ ያዝኩት። ገፋሁት።

"እኔም አየኋት" አልኋት። "ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ገና ጎህ ሲቀድ። በራሴ ላይ ነው ያለፈች።"

ቀና አለች። ላሚቱ መንታ ወለደች ካልኋት ወዲህ ከአፌ የወጣ አንድ ቃል አምና አታውቅም። ቤት ተቃጠለ ስል፣ አመመኝ እንኳ ስል ግንባሬን ሳትዳስስ አታምንም።

"አየሃት?"

"አየኋት።"

"እግሯስ?"

"ለሚበር እግር ምን ያደርግለታል? በክንፏ ነው።"

ጠጋ አለችኝ። እጄን ያዘች፤ እጇ ገና እርጥብ ነው።

"ስትሄድ ደህና ነበረች? አላመማትም?"

"ደህና ነበረች" አልኋት። "ምንም አላመማት።"

"ተመስገን" አለች እናቴ፤ ሻሿንም ጠበቅ አድርጋ አሰረች።